ዊልደር ፔንፊልድ (1891–1976)፦ ከሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና በፊት ትውስታን የመመርመር ልማድ አመጣጥ

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የነበረውን የዊልደር ፔንፊልድን የሕይወት ታሪክ ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይቃኛል። ጥያቄው የሚጥል በሽታን ለማዳን ሲባል የአንጎል ክፍል በሚወገድበት ጊዜ ታካሚው ምን ያህል የማስታወስ ችሎታ እንደሚያጣ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል ነው። ፔንፊልድ በዘመኑ ይህን የሚያሳየው መሣሪያ አልነበረውም። ሆኖም በሁለት ታካሚዎቹ ላይ የደረሰውን ከባድ የትውስታ መጥፋት ሳይሸሽግ መመርመሩና ለሙያ ባልደረቦቹ ማሳወቁ፣ ዛሬ በአንጎል ምስል ለሚካሄደው የቅድመ ቀዶ ሕክምና ምርመራ መነሻ ሆኗል። ጽሑፉ ይህን ሂደት ተከትሎ በመጨረሻ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሚያመለክተውን የሥራ አቅጣጫ ይጠቁማል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የሚጥል በሽታ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ትውስታ፣ ሂፖካምፐስ፣ የአንጎል ምስል

መግቢያ

የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ተገቢውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ከወሰዱ ሕመሙ ይቆምላቸዋል። አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ግን መድኃኒት ቢለዋወጥላቸውም ጥቃቱ አይለቃቸውም። ከእነዚህ መካከል የሕመሙ መነሻ በአንድ ውሱን የአንጎል ቦታ ላይ የሆነባቸው ሰዎች ያ ቦታ በቀዶ ሕክምና ቢወገድላቸው የመዳን ዕድል አላቸው። በ2001 በካናዳ የታተመ ጥናት 80 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ከተከታተለ በኋላ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ራስን ከሚያስቱ ጥቃቶች ነጻ የሆኑት ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህ ትልቅ ተስፋ ከአንድ ትልቅ ሥጋት ጋር የተቆራኘ ነው። በአዋቂዎች ላይ ለመድኃኒት የማይበገረው የሚጥል በሽታ በብዛት የሚነሣው ከጆሮ በላይና ወደ ውስጥ ከሚገኘው ቴምፖራል ሎብ ከተባለው የአንጎል ክፍል ነው። በዚህ ክፍል የውስጥ ገጽ ላይ ያለው ሂፖካምፐስ ደግሞ ሰው የዛሬውን ውሎ ለነገ የሚያቆይበት ዋና መሣሪያ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ በሽታውን የሚነቅልበት ቦታና ታካሚው አዲስ ነገር የሚያስታውስበት ቦታ አንድ ይሆናሉ። ይህን ችግር የሕክምናው ዓለም ያወቀው በአንድ ጊዜ ግኝት አልነበረም። ነገሩ የታወቀው በጉዳት ነው፤ ጉዳቱን መርምሮ ትርጉም ለመስጠት ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዱም ጉዳቱ በራሱ እጅ የደረሰበት ዊልደር ፔንፊልድ ነበር።

ትውልድና ትምህርት

ዊልደር ግሬቭስ ፔንፊልድ ጥር 26 ቀን 1891 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ሥራው ግን አልሰመረለትም። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ አገር፣ ወደ ዊስኮንሲን ግዛት ሃድሰን ከተማ ተመለሰች። ፔንፊልድ ያደገው በእናቱ ብርታት ነው። ከቤት ከወጣ በኋላ ለዓመታት ሳያቋርጥ ይጽፍላት የነበሩት ደብዳቤዎችም በዕድሜው ማምሻ ለጻፈው ግለ ታሪክ ዋና ምንጭ ሆነውታል።

በ1913 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በሮድስ የነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ኦክስፎርድ ተሻገረ። በዚያ ሁለት መምህራን የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰኑለት። የመጀመሪያው የነርቭ ሥርዓትን አሠራር በሙከራ ያጠና የነበረው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው፤ አንጎል ገና ያልታወቀ ሰፊ አገር መሆኑን ያሳየው እርሱ ነበር። ሁለተኛው ታላቁ ሐኪም ዊልያም ኦስለር ሲሆን፣ ሕክምና በታካሚው አልጋ አጠገብ የሚሠራ ጥናት መሆኑን አስተማረው። በመጋቢት 1916 ፔንፊልድ የተሳፈረባት ሰሴክስ የተባለች መርከብ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ በጀርመን ቶርፒዶ ተመታች። እግሩ ላይ የቆሰለው ወጣት ያገገመው በኦስለር ቤት ነው።

በ1918 ከጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ዲግሪውን አገኘ፤ ቀጥሎም በቦስተን በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሃርቪ ኩሺንግ ዘንድ ሠራ። ከ1921 ጀምሮ በኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም ሆነ። ቀዶ ሕክምናው ብቻውን ግን አላረካውም። ከአንጎል ጠባሳ የሚነሣ የሚጥል በሽታ ምን ምክንያት እንዳለው ማወቅ ስለፈለገ በ1924 ወደ ማድሪድ ሄዶ ከፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ዘንድ የአንጎልን ሕዋሳት በብር ቀለም የመለየት ጥበብ ተማረ። በ1928 ደግሞ ወደ ብሬስላው ተጓዘ። በዚያ ኦትፍሪድ ፎርስተር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላታቸው ላይ የቆሰሉትንና በኋላ የሚጥል በሽታ የያዛቸውን ሰዎች በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ፣ ነቅተው ሳሉ ያክም ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ቆዳውና ሽፋኑ ነው። ስለዚህ ቆዳውን አደንዝዞ ታካሚውን እያነጋገሩ መሥራት ይቻላል። ፔንፊልድ ይህን ዘዴ ይዞ በዚያው ዓመት በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲና በሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ።

የእኅቱ ሕመም

ሞንትሪያል ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 1928፣ ታላቅ እኅቱ ሩት ታምማ መጣች። ሩት ከልጅነቷ ጀምሮ በሚጥል በሽታ ትሠቃይ የነበረች፣ ልጆች ያሳደገች እናት ናት። ምርመራው በቀኝ የፊት አንጎሏ ላይ ትልቅ ዕጢ መኖሩን አሳየ። ወንድሟ ቀዶ ሕክምናውን ራሱ አካሄደ። ዕጢውን ለማውጣት ከቀኝ የፊት አንጎሏ አብዛኛውን ማስወገድ ግድ ሆነበት፤ እንዲያም ሆኖ የዕጢው የተወሰነ ክፍል ሊወጣ አልቻለም።

ሩት ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ኖረች። ትናገራለች፤ ታስታውሳለች፤ ጠባይዋም አልተለወጠም። ወንድሟ ግን አንድ ረቂቅ ለውጥ አስተዋለ። ለእንግዶች ራት ለማዘጋጀት ስትነሣ ለዓመታት ስትሠራው የኖረችውን ሥራ በቅደም ተከተል ማስኬድ ያቅታት ነበር። ለእያንዳንዱ ምግብ የሚያስፈልገውን ታውቃለች፤ የትኛውን አስቀድማ የትኛውን እንደምታስከትል መወሰን ግን ይቸግራታል። ፔንፊልድ ይህን ትዝብት በ1935 ከሥራ ባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ አካተተው። በተለመደው የሐኪም ምርመራ የማይታይ፣ በቤት ውስጥ ኑሮ ብቻ የሚገለጥ ጉድለት መኖሩን የተረዳው ከራሱ ቤተሰብ ነው። ታካሚው በሕይወት ተርፎ ከሆስፒታል ወጣ ማለት ቀዶ ሕክምናው ምንም አልወሰደበትም ማለት እንዳልሆነ የተማረውም ያኔ ነው።

የሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋም

ፔንፊልድ የነርቭ ሐኪሞች፣ ቀዶ ሐኪሞችና የላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ተቋም የማቋቋም ሕልም ነበረው። በሮክፌለር ፋውንዴሽን ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ድጋፍ የሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋም በ1934 ተከፈተ፤ ፔንፊልድም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኖ እስከ 1960 መራው። የካናዳ ዜግነት የወሰደውም በ1934 ነው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመመዝገብ የታወቀው ኸርበርት ጃስፐር በ1930ዎቹ መጨረሻ ተቀላቀለው። የፔንፊልድ ቀዶ ሕክምናና የጃስፐር የሞገድ ምዝገባ ተደጋግፈው የሕመሙን መነሻ ቦታ ፈልጎ የማግኘትን ሥራ ወደ ሥርዓት አመጡት።

በኋላ የሞንትሪያል ዘዴ ተብሎ የታወቀው አሠራር እንዲህ ነበር። ታካሚው ነቅቶ በጎኑ ይተኛል። አንጎሉ ከተገለጠ በኋላ ሐኪሙ በቀጭን ኤሌክትሮድ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት እየሰጠ ቦታ በቦታ ይነካል። እጁ ከተንቀሳቀሰ፣ ጣቱ ላይ መደንዘዝ ከተሰማው፣ ወይም ቃል ሲፈልግ ድንገት ከጠፋበት፣ በነካው ቦታ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ትቀመጣለች። ምላሹ ይጻፋል፤ የተገለጠው አንጎልም ከነቁጥሮቹ ፎቶግራፍ ይነሣል። በዚህ መንገድ ሐኪሙ ንግግርንና እንቅስቃሴን የሚገዙ ቦታዎችን ለይቶ ከመቁረጥ ይቆጠባል። በ1937 ከኤድዊን ቦልድሬይ ጋር ያሳተመው የሰውነት ክፍሎች በአንጎል ገጽ ላይ ያላቸው ካርታ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።

የዚያ ዘመን ምስል ግን ሁለት ወሰን ነበረበት። አንደኛ፣ ፎቶግራፉ የሚነሣው የራስ ቅል ከተከፈተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አማራጭ የራጅ ምርመራ ሲሆን፣ የአንጎልን ውስጣዊ ክፍተቶች ለማየት በፈሳሹ ፈንታ አየር ማስገባት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ታካሚውን ለብርቱ ራስ ምታት የሚዳርግ ምርመራ ነው። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሮዱ ንግግርን ወይም እንቅስቃሴን ወዲያው ያሳያል እንጂ፣ ታካሚው ነገ ምን ያህል እንደሚያስታውስ አያሳይም። ለትውስታ የሚሆን ካርታ አልነበረም።

ትዝታ በኤሌክትሮድ ጫፍ

ትውስታ ግን በሌላ በር ገባ። ፔንፊልድ ቴምፖራል ሎብን በሚነካበት ጊዜ አንዳንድ ታካሚዎች ያለፈ ነገር እንደገና እንደታያቸው ወይም እንደተሰማቸው ይናገሩ ነበር። አንዱ የሚያውቀውን ዜማ ይሰማል፤ ሌላው የቤተሰቡን ድምፅ ይሰማል። ፔንፊልድ በ1963 ከፋኖር ፔሮ ጋር ባሳተመው ሰፊ ዘገባ መሠረት ቴምፖራል ሎባቸው ከተመረመረ 520 ታካሚዎች መካከል እንዲህ ያለ ምላሽ የሰጡት 40 ናቸው።

ፔንፊልድ ከዚህ በመነሣት አንጎል ሰው ልብ ብሎ ያሳለፈውን ሁሉ እንደ ክር ሳይቋረጥ መዝግቦ ያኖራል ወደሚል አስተሳሰብ አዘነበለ። ይህ ሐሳብ በሕዝብ ዘንድ ዝናው እንዲገን ቢያደርግም በጊዜ ሂደት ብዙ ትችት ገጥሞታል። ምላሹ የታየው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው፤ ሁሉም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው፤ የተነገረውም እውነተኛ ያለፈ ክስተት ይሁን ወይም አንጎል በዚያች ቅጽበት የፈጠረው ሕልም መሰል ነገር በአብዛኛው አልተረጋገጠም። ስለ ትውስታ ጸንቶ የቆየው ዕውቀት የመጣው ከዚህ አስደናቂ ትዕይንት አልነበረም። የመጣው ዝና ከማያስገኝ ሌላ ነገር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከደረሰ ጉዳት ነው።

ሁለቱ ታካሚዎች

ፔንፊልድ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የቴምፖራል ሎብ ቀዶ ሕክምናን በብዙ ሰዎች ላይ አካሂዷል። ሥራው በአንድ ጎን ብቻ የተወሰነ ስለነበር አብዛኞቹ ታካሚዎች ከባድ የትውስታ ጉዳት አልደረሰባቸውም። በሁለት ታካሚዎች ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው ፒ.ቢ. መሐንዲስ ነበር። በ1946 የግራ ቴምፖራል ሎቡ የፊት ክፍል ተወግዶለት ሕመሙ ሳይቆም ቀረ። በ1951 ተመልሶ ሲመጣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በዚህ ጊዜ የግራ ሂፖካምፐሱም ተወገደ። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በአእምሮው መያዝ አልቻለም። ማስተዋሉና ሙያዊ ዕውቀቱ እንዳለ ነው፤ የጥንቱን ያስታውሳል፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት የሆነው ግን ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ዞር እንዳለ ይጠፋበታል። ሁለተኛው ኤፍ.ሲ. የእጅ ጓንት ቆራጭ የነበረ ሠራተኛ ነው፤ እርሱም በግራ በኩል ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና በኋላ ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰበት።

በዚያ ጊዜ ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ወጣት የሥነ ልቦና ተመራማሪ የፔንፊልድን ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ትመረምር ነበር። ሚልነር ጉዳቱ የትውስታ ብቻ መሆኑን በጥንቃቄ በተዘጋጁ ፈተናዎች አረጋገጠች። ጥያቄው ግልጽ ነበር። ሌሎች ታካሚዎች አንዱን ሂፖካምፐስ አጥተው ያስታውሳሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ለምን አልቻሉም? ፔንፊልድና ሚልነር የደረሱበት መላ ምት የሁለቱ ታካሚዎች የቀኝ ሂፖካምፐስ ከቀዶ ሕክምናው ብዙ ዓመታት በፊት፣ ምናልባትም በወሊድ ጊዜ፣ ተጎድቶ ነበር የሚል ነው። ስለዚህ በጤነኛው ጎን ይታገዛል ተብሎ የተወገደው ጎን በእውነቱ ብቻውን ይሠራ የነበረው ነው።

ፔንፊልድ ይህን በ1955 በቺካጎ በተደረገ የነርቭ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ እንዲቀርብ አደረገ፤ ዋናው ጽሑፍም በ1958 ታተመ። አጭሩን ዘገባ ያነበበው ዊልያም ስኮቪል የተባለ የሃርትፎርድ ቀዶ ሐኪም በ1953 የሁለቱንም ጎን ሂፖካምፐስ ባስወገደለት አንድ ወጣት ላይ ተመሳሳይ ነገር ማየቱን ለፔንፊልድ ነገረው። ያ ወጣት ከሞተ በኋላ ስሙ ሄንሪ ሞሌሰን መሆኑ የታወቀው ኤች.ኤም. ነው። ሚልነር ወደ ሃርትፎርድ ሄዳ መረመረችው፤ በ1957 ከስኮቪል ጋር ያሳተመችው ጽሑፍም የትውስታ ጥናትን መሠረት ለወጠ። ይህ ሁሉ የተጀመረው አንድ ቀዶ ሐኪም የራሱን ሁለት ያልተሳኩ ውጤቶች በባልደረቦቹ ፊት ስለ ዘረጋ ነው።

የመላ ምቱ ማረጋገጫ ግን ለብዙ ዓመታት አልተገኘም። ፒ.ቢ. በ1964 ሲሞት የአስከሬን ምርመራ ተደረገ። የቀኝ ሂፖካምፐሱ ተሸማቅቆና ጠባሳ ይዞ ተገኘ፤ ጉዳቱም ከቀዶ ሕክምናው ብዙ ዓመት የቀደመ ነበር። ፔንፊልድ ይህን ከበሽታ መርማሪው ከጎርደን ማቲሰን ጋር በ1974 አሳተመ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 83 ዓመት ነበር። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና እስከዚህ ጽሑፍ 28 ዓመታት አልፈዋል። ታካሚው በሕይወት ሳለ ሊታይ የሚገባው የተሸማቀቀ ሂፖካምፐስ የታየው ከሞተ በኋላ ነው።

አስቀድሞ የመጠየቅ ልማድ

ከሁለቱ ታካሚዎች በኋላ በሞንትሪያል አንድ ነገር ተለወጠ። የሚወገደው ጎን መታመሙን ማረጋገጥ ብቻውን በቂ ሳይሆን ቀረ፤ የሚቀረው ጎን ጤነኛ መሆኑም መረጋገጥ ነበረበት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጁን ዋዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ወደ ተቋሙ ይዞት የመጣው ዘዴ ለዚህ አገለገለ። አሞባርቢታል የተባለው ማደንዘዣ በአንገት በኩል ወደ አንጎል በሚሄደው ደም ቅዳ ውስጥ ሲገባ አንዱ ንፍቀ አንጎል ለጥቂት ደቂቃዎች ይተኛል። በተቃራኒው ጎን ያለው ክንድ ይዝላል፤ ንግግር በዚያ ጎን ከሆነም ታካሚው ዝም ይላል። ዋዳና የፔንፊልድ ተተኪ ቴዎዶር ራስሙሰን በ1960 ይህን ለንግግር ምርመራ አሳተሙት። ብዙም ሳይቆይ ሚልነርና ባልደረቦቿ የትውስታ ፈተና ጨመሩበት። የሚቆረጠው ጎን ተኝቶ ሳለ ታካሚው ዕቃዎችን ያያል፤ ከነቃ በኋላ የትኞቹን እንዳየ ይጠየቃል። ማስታወስ ካልቻለ የሚቀረው ጎን ብቻውን ሸክሙን ላይችል ይችላል። በፒ.ቢ. ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ የተበጀ ልምምድ ነበር ማለት ይቻላል።

የመጨረሻ ዓመታት

ፔንፊልድ በ1960 ጡረታ ወጣ። በእንግሊዝ ንጉሣዊ መንግሥት የሜሪት ኒሻን በ1953፣ የካናዳ ከፍተኛ ኒሻን ደግሞ በ1967 ተሸልሟል። በጡረታ ዘመኑ በአብዛኛው ይጽፍ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲልም እናቱ ጀምራ ያልጨረሰችውን ስለ አብርሃምና ስለ ሣራ የሚተርክ ልቦለድ እንደገና ጽፎ በ1954 አሳትሞ ነበር። በ1975 በወጣው መጽሐፉ አእምሮ በአንጎል ሥራ ብቻ ተሟልቶ ሊገለጽ አይችልም ወደሚል መደምደሚያ አዘንብሏል። ይህ አቋም በዘመኑ ሳይንቲስቶች ዘንድ ብዙ ደጋፊ አላገኘም፤ ዕድሜውን ሙሉ ነቅተው ካሉ ሰዎች ጋር እየተነጋገረ በአንጎላቸው ላይ የሠራ ሰው የደረሰበት መሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሚያዝያ 5 ቀን 1976 በሞንትሪያል ዐረፈ። ግለ ታሪኩ በቀጣዩ ዓመት ታተመ።

ከእርሱ በኋላ፦ በምስል የሚደረግ የትውስታ ምርመራ

ፔንፊልድ ሲሞት ሲቲ ስካን ገና መስፋፋት የጀመረበት ጊዜ ነበር። በ1980ዎቹ የመጣው ኤምአርአይ ሂፖካምፐስን በሁለቱም ጎን በግልጽ አሳየ፤ መጠኑንም መለካት አስቻለ። በፒ.ቢ. አስከሬን ውስጥ የተገኘው ዓይነት መሸማቀቅ አሁን በሕያው ሰው ላይ በአንድ ምርመራ ሊታይ ይችላል።

ይሁን እንጂ ቅርጽ ብቻውን ሥራን አይናገርም። በ1990ዎቹ የተጀመረው ተግባራዊ ኤምአርአይ የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ሥራ በበዛበት ቦታ ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ስለሚደርስ ነው፤ ይህ ለውጥ በመሣሪያው መግነጢሳዊ ምልክት ላይ ይታያል። ታካሚው በመሣሪያው ውስጥ ተኝቶ ቃላት፣ ሥዕሎች ወይም የሰው ፊት እያየ በአእምሮው እንዲይዝ ይጠየቃል፤ በኋላም ያስታወሰው ይመዘገባል። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት ይሰላል። በአብዛኛው ሰው ላይ የቃል ትውስታ ከግራ፣ የምስልና የቦታ ትውስታ ደግሞ ይበልጥ ከቀኝ ጋር ስለሚያያዝ የፈተናው ዓይነት ውጤቱን ይወስናል።

የዚህ ምርመራ ትርጉም ላይ ተመራማሪዎች ሁለት አመለካከቶችን ይለያሉ። አንደኛው የሚቀረው ጎን ያለውን አቅም ያያል፤ ሁለተኛው የሚወገደው ጎን አሁንም ምን ያህል እየሠራ እንዳለ ይጠይቃል። የሁለቱ ታካሚዎች ታሪክ የመጀመሪያውን ሲያስተምር፣ በኋላ የተሰበሰበው መረጃ የሁለተኛውን ክብደት አሳይቷል። በሽተኛው ጎን ገና ብዙ የሚሠራ ከሆነ ማስወገዱ ብዙ ያሳጣል፤ ቀድሞ ሥራ ካቆመ ግን የሚጠፋው ጥቂት ነው። በ2011 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ግምገማ ከግራ ቴምፖራል ሎብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የቃል ትውስታ የሚቀንስባቸው ሰዎች 44 በመቶ፣ ከቀኝ በኋላ ደግሞ 20 በመቶ እንደሚሆኑ ገምቷል። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ በብዙ ሰዎች ዕጣ ላይ የሚወስን ነገር ነው። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚም በ2017 ባወጣው መመሪያ ተግባራዊ ኤምአርአይ የቃል ትውስታን ውጤት ለመተንበይ ሊያገለግልና በማደንዘዣ ለሚደረገው ምርመራ አማራጭ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል፤ የማስረጃውን ውሱንነት ሳይደብቅ።

ምስሉ የራሱ ወሰን አለው። ታካሚው ከተንቀሳቀሰ ይበላሻል። የቴምፖራል ሎብ የፊት ክፍል አየር ለያዙ የአጥንት ክፍተቶች ቅርብ ስለሆነ ምልክቱ በዚያ ይዛባል። ከሁሉ በላይ፣ ተግባራዊ ኤምአርአይ የሚያሳየው በሥራው ላይ የተሳተፉትን ቦታዎች ነው፤ ከእነርሱ መካከል የትኛው ቢጠፋ ሥራው እንደሚቆም አይናገርም። የፔንፊልድ ኤሌክትሮድና የዋዳ ማደንዘዣ ግን አንድን ቦታ ለጊዜው ከሥራ ውጪ በማድረግ ይህንኑ ይጠይቁ ነበር። በዚህ ምክንያት የምስሉ ውጤት ከሥነ ልቦና ፈተናና ከሞገድ ምዝገባ ጋር ተዳምሮ እንጂ ለብቻው ውሳኔ አይሰጥበትም።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ የሚጥል በሽታ በሰፊው የሚታይ ችግር መሆኑ በጥናት ከታወቀ ቆይቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችን አግኝተዋል፤ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። በ1997 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ በየዓመቱ ከ100,000 ሰው 64 አዲስ ታማሚዎች እንደሚኖሩ አሳየ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምናና የነርቭ ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠናዎች ከ2006 ጀምሮ መሰጠታቸው፣ ለመድኃኒት የማይበገረውን ሕመም የመለየት አቅም የሚያድግበትን መንገድ ከፍቷል።

ለአብዛኛው ታማሚ ቀዳሚው ጉዳይ አሁንም መድኃኒት ሳይቋረጥ ማግኘትና ከመገለል መጠበቅ ነው። ሆኖም ቀዶ ሕክምናው በሚስፋፋበት ጊዜ የትውስታ ምርመራ ተከትሎ ሳይሆን ቀድሞ መገኘት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብቻ አይደለም። ከጉራጌና ከስልጤ አካባቢዎች የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሰፈሩበትን የአዲስ አበባውን ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በዚያ ያለ አንድ ታማሚ በቤቱ ስልጥኛ ወይም ጉራጊኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ ከጎረቤቱ ጋር ደግሞ ኦሮምኛ ሊናገር ይችላል። የቃል ትውስታው የሚፈተነው በየትኛው ቋንቋ ነው? ማንበብ የማትችል እናትስ ቃላት በጽሑፍ ቢቀርቡላት ውጤቱ የሚለካው ትውስታዋን ነው ወይስ የትምህርት ዕድሏን? የውጭ አገር የቃላት ዝርዝር እንዳለ ቢተረጎም፣ አንዱ ቃል ለአንዱ የታወቀ፣ ለሌላው እንግዳ ሆኖ ምስሉን ያዛባል። በእነዚህ ቋንቋዎች የተዘጋጁ፣ በጆሮ የሚሰሙ፣ በጤነኛ ሰዎች ላይ ተሞክረው መለኪያ የወጣላቸው ፈተናዎች ያስፈልጋሉ። ይህ ውድ መሣሪያ ሳይጠበቅ በሥነ ልቦና፣ በቋንቋና በሕክምና ትምህርት ክፍሎች ትብብር በድኅረ ምረቃ ጥናት ደረጃ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

የፔንፊልድ ስም በብዛት የሚነሣው ከአንጎል ካርታና በኤሌክትሮድ ከተቀሰቀሱ ትዝታዎች ጋር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተቃኘው ገጽታ ግን ከዚያ የተለየ ነው። በእኅቱ ላይ ረቂቁን ጉድለት አስተዋለ፤ በሁለት ታካሚዎቹ ላይ ከባዱን ጉዳት አየ፤ ለሁለቱም የሙያ ባልደረባ አብሮት እንዲመረምር በሩን ከፈተ፤ ያገኘውንም ጽፎ አሳተመ። ዛሬ አንድ ታማሚ ወደ መሣሪያው ገብቶ ቃላትን እንዲይዝ ሲጠየቅ የሚመረመረው በፒ.ቢ. ጊዜ ሊጠየቅ ያልቻለው ነገር ነው። ውጤቱ ለሐኪሙ የመቁረጫ መስመር ይሰጠዋል። ለታማሚውና ለቤተሰቡ ደግሞ ከጥቃቱ ነጻ ለመሆን ምን ሊከፍሉ እንደሚችሉ አውቀው እሺ ወይም እንቢ የሚሉበትን ዕድል ይሰጣቸዋል። ፒ.ቢ. እና ኤፍ.ሲ. ያ ዕድል አልነበራቸውም።